ከሥጋ ደዌ መንደር የወጣ ዝማሬ



ኢኮሊ ሃርኮርት ዋይት የተወለደው በ1905 እ.ኤ.አ. በደቡብ ናይጄሪያ፣ አቦኔማ በምትባል የካላባሪ ሕዝብ ከተማ ነው። ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሲሆን የሥጋ ደዌ ምልክት ታየበት። በዚያ ዘመን ፍቱን መድኃኒት ስላልነበረ በሽታው የተገኘበት ሰው ከቤተ ሰቡም ከትምህርቱም ይለያል። ወጣቱ በፖርት ሃርኮርት ሆስፒታል ከመሰሎቹ ጋር ተቀመጠ። በኋላ ሕሙማኑን ለማስወጣት በተሞከረ ጊዜ አንወጣም ብለው ተከራከሩ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ እርሱ ነበረ። በ1932 በኢግቦ ምድር ኡዙአኮሊ ወደሚገኘው የሜቶዲስት ሚሲዮን የሥጋ ደዌ መንደር ገባ።

በዚያም ከሕሙማኑ መካከል መዘምራንን አሰባሰበ። የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ፍራንክ ዴቪ ሙዚቃ ዐዋቂ ስለ ነበሩ ረዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእኛ ቋንቋ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል። በኢግቦ ቋንቋ ደግሞ ፍቺን የሚለየው የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። «አኳ» የሚለው ቃል ሁለቱም ፊደል ከፍ ብሎ ሲነገር ልቅሶ ነው፤ የመጀመሪያው ዝቅ፣ ሁለተኛው ከፍ ሲል ግን እንቁላል ይሆናል። ሚሲዮናውያን የእንግሊዝን መዝሙር ተርጕመው በአውሮፓ ዜማ ሲያዘምሩ፣ ቃሉ ሲወርድ ዜማው እየወጣ ምስጢሩ ይፋለስ ነበረ። (ትርጕም መዝሙር ያጠና ሰው፣ የሚጠብቀው ቃል ላልቶ ሲዘመር ምን እንደሚሰማ ያውቀዋል።) ሃርኮርት ዋይት ግን ቃሉንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ ዜማው የንግግሩን ድምፅ እንዲከተል አደረገ። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ፣ አፉን የፈታው በካላባሪ ሆኖ ሳለ አብረውት በሚኖሩት ሰዎች በኢግቦ ቋንቋ መድረሱ ነው። መዝሙሮቹ ከ200 በላይ እንደሚሆኑ ይነገራል።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት በኡዙአኮሊ ተፈተነ። እርሱም በ1949 ድኗል ተባለ። የመውጫው በር ቢከፈትለትም በመንደሩ ቀርቶ መዘምራኑን ማስተማሩን ቀጠለ። ሰው ከሚሸሸው ስፍራ የወጣው ዝማሬም በኢግቦ ምድር አብያተ ክርስቲያናት ተሰማ፤ ከ1967 እስከ 1970 በተደረገው የቢያፍራ ጦርነት ልጆቹን ለቀበረ ሕዝብም መጽናኛ ሆነ።

በ1977 በመኪና አደጋ ዐረፈ። ከ8 ዓመት በኋላ ኦላ ሮቲሚ የተባለው የናይጄሪያ ጸሐፌ ተውኔት የእነዚያን የፖርት ሃርኮርት ሕሙማን ክርክር በመድረክ አሳየ፤ በተውኔቱም ውስጥ ሕሙማኑ ይዘምራሉ።