ድሮን ያነሣውን ፎቶግራፍ ከመሬቱ ጋር ስለ ማጣጣም
(ምሳሌ፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ)

ዛሬ በየፋኩልቲው ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የሲቪል ምሕንድስናውም፣ የጂኦግራፊውም፣ የከተማ ፕላኑም ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ድሮን ያነሣውን ሥዕል ይፈልጋል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ካርታ አይደለም። ፎቶግራፍ ነገሩን ያሳያል እንጂ ነገሩ የት እንዳለ አይመሰክርም። ሥዕሉ ካርታ የሚሆነው እያንዳንዱ ነጥቡ ከመሬት አድራሻው ጋር ሲያያዝ ነው፤ ይህም ሥራ ጂኦሪፈረንሲንግ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ሥራው እንዴት እንደሚከናወንና ሶፍትዌሩ «ስሕተት የለም» ሲል ሁልጊዜ ማመን የማይገባን ስለ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ለምሳሌ የሞጆን ደረቅ ወደብ እንውሰድ። ይህ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በጅቡቲ በኩል የሚገባው ኮንቴይነር እዚህ ተራግፎ፣ ተደርድሮና ተፈትሾ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ለቀያሽ ተማሪ ቦታው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ በግቢው ውስጥ ከሚታየው ነገር አብዛኛው ተንቀሳቃሽ ነውና።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንመልስ። ድሮኑ ራሱ ጂፒኤስ ይዞ ይበር የለምን? ሌላ ልፋት ለምን አስፈለገ? እርግጥ ነው፣ ይይዛል። የሚመዘግበው ግን ካሜራው በአየር ላይ የነበረበትን ቦታ ነው እንጂ ከሥሩ ያለውን መሬት አይደለም። ተራው መሣሪያ ደግሞ ብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። የሥዕሉ ጥራት ግን በጣም ከፍ ያለ ነው። በ100 ሜትር ከፍታ የሚበር፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 8.8 ሚሊ ሜትር፣ የመቀበያው ፒክስል 0.0024 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ቢኖረን፣ 0.0024 × 100 ÷ 8.8 = 0.027 ይሆናል። ይኸውም አንዱ ፒክስል በመሬት ላይ 2.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል ማለት ነው። እንግዲህ በሳንቲ ሜትር የጠራ ሥዕል በሜትር የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ጥራት አንድ ነገር፣ ትክክለኛነት ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በጂአይኤስ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ በነጻ በሚገኘው በኪው ጂአይኤስ፣ ቀላሉ መንገድ የሚከተለው ነው፤

ምሥራቅ = ሀ × ዓምድ + ለ × ረድፍ + ሐ
ሰሜን = መ × ዓምድ + ሠ × ረድፍ + ረ

ዓምድና ረድፍ የፒክስሉ ቦታ በሥዕሉ ውስጥ ናቸው። ያልታወቁት ቁጥሮች 6 ናቸው። በመሬት ላይ የተለካ አንድ ነጥብ ሁለት እኩልታዎች ይሰጠናል፤ ስለዚህ 3 ነጥቦች በአንድ መሥመር ላይ እስካልዋሉ ድረስ ለመፍትሔው ይበቃሉ። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ስሌት 12 ያልታወቁ ቁጥሮች ስላሉት ቢያንስ 6 ነጥቦች፣ ሦስተኛው ደረጃ 20 ስላሉት ቢያንስ 10 ነጥቦች ይፈልጋል።

ወጥመዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። 6 እኩልታ ለ6 ያልታወቁ ቁጥሮች ሲቀርብ መልሱ ምንጊዜም ያለ ቅሬታ ይገጥማል። ከ3ቱ ነጥቦች አንዱ 12 ሜትር ቢሳሳት እንኳ ሶፍትዌሩ «ስሕተት 0» ብሎ ይጽፋል። ዜሮው የትክክለኛነት ማስረጃ አይደለም፤ የሚመሰክር ትርፍ ነጥብ አለመኖሩን ብቻ ያመለክታል። የስሌቱን ደረጃ ከፍ በማድረግ ስሕተቱን ያጠፋ የሚመስለው ተማሪም እንዲሁ ይታለላል፤ ሥዕሉ በነጥቦቹ ላይ እየገጠመ በመካከላቸው ይጣመማል።

ነጥቡ ከምን ላይ ይወሰድ? በሞጆ ዐይን የሚስበው የኮንቴይነሩ ማዕዘን ነው፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ጠርዙ የቀና ነውና። ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛ፣ ኮንቴይነር ይንቀሳቀሳል። ጠዋት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ልኬት ቢደረግ፣ የተለካው ሌላ ኮንቴይነር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ኮንቴይነር ቁመት አለው። የአንዱ ቁመት 2.59 ሜትር ስለ ሆነ፣ 4 ተደራርበው 10.36 ሜትር ይሆናሉ። ድሮኑ በ100 ሜትር ከፍታ ሳለ፣ ድርድሩ ከሥዕሉ መካከል 60 ሜትር ቢርቅ፣ የላይኛው ማዕዘን 60 × 10.36 ÷ 89.64፣ ማለትም 7 ሜትር ያህል ወደ ውጭ አጋድሎ ይታያል። ይህም ከአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ርዝመት (6.06 ሜትር) ይበልጣል።

ስለዚህ ነጥቡ በመሬት ደረጃ ያለ፣ የማይነቃነቅና ከአየር የሚታይ መሆን አለበት። የኮንክሪት ንጣፍ ማዕዘን፣ የመብራት ምሰሶ መሠረት፣ መንገድ ሐዲድ የሚያቋርጥበት ስፍራ ይስማማሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከበረራው በፊት በንጣፉ ላይ በነጭ ቀለም መስቀል አድርጎ፣ ያንኑ በቅየሳ ጂፒኤስ መለካት ነው። ነጥቦቹንም በአራቱ ማዕዘንና በመካከል መበተን ይገባል እንጂ በሐዲዱ ዳር ብቻ መደርደር አይበጅም። ፎቶግራፎቹ ብዙ ሲሆኑ ደግሞ እርስ በርሳቸው እንዲደራረቡ አድርጎ አንሥቶ፣ መጀመሪያ የቁመቱን ማጋደል ያረመ ኦርቶፎቶ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ከላይ የተጻፈው ቀላል ስሌት ማጋደልን አያርምም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዳተም ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ሥዕላችንን ከቆየው የ1:50,000 ካርታ ጋር እናስተያያለን። የቆየው ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው። አዲንዳን በዓባይ ዳር፣ በግብፅና በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚገኝ የቅየሳ ነጥብ ስም ሲሆን፣ ልኬቱ ወደ ሀገራችን የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ሸለቆ ጥናት በተጀመረ ጊዜ ነው። ጂፒኤስ ግን የሚናገረው በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱም በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ቢጻፉ፣ በሞጆ አካባቢ ያለ የአንድ ነጥብ ቁጥር በአዲሱ ዳተም ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ይጨምራል። 200 ሜትር በቆየው ካርታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ዐይን ያልፈዋል፤ በድሮን ሥዕል ላይ ግን የኮንቴይነሩን ሜዳ ከአጥሩ ውጭ ሊያወጣው ይችላል። ሁሉም ነጥብ እኩል ስለሚሸሽ ደግሞ የሶፍትዌሩ የስሕተት ቁጥር ይህን ጨርሶ አያሳይም። ለፈጣን ማረጋገጫ ይህን እናስታውስ፤ በሞጆ የምሥራቁ ቁጥር 513,000 ገደማ፣ የሰሜኑ 950,000 ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ተገላብጠው ከታዩ የተሳሳተ ነገር አለ።

ታዲያ እውነተኛው ፈተና ምንድን ነው? 12 ነጥብ ለክተን እንደ ሆነ 8ቱን ለስሌት፣ 4ቱን ለመፈተሻ እንለይ። አራቱን ሶፍትዌሩ እንዳያያቸው እንሸሽጋቸው። ስሌቱ ካበቃ በኋላ፣ ሥዕሉ ከሚሰጠን ቦታ ጋር እናስተያያቸው። አማካዩንም ብቻ አንመልከት። ልዩነታቸው 3፣ 4፣ 5 እና 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የካሬዎቹ አማካይ ሥር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 20 የሚለው ቁጥር የአንዱንም ነጥብ እውነት አይናገርም፤ ሦስቱ ደኅና ናቸው፣ አንዱ ግን ተመልሶ ሊለካ ይገባዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መልሶ መለካት ከማፈር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማርክ ብቻ አይደለም። ወደብ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ከተማ ሲያድግ ከአጥሩ ማዶ ያለው መሬት የሰው ይዞታ ነው። በገጠር ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ወሰኑ የሚሠመረው ከአየር በተነሣ ሥዕል ላይ መሆኑን እናውቃለን። 1 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ወሰን 2 ሜትር ብንስት 2,000 ካሬ ሜትር፣ ማለት ወደ አንድ ጥማድ የሚጠጋ መሬት፣ ከአንዱ ወስደን ለሌላው ሰጠን ማለት ነው። ገበሬው ስሌታችንን ሊመረምር አይችልም፤ የሚያየው ችካሉን ብቻ ነው።

እንግዲህ ድሮን ለማብረር በቅድሚያ የመንግሥት ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ሳንዘነጋ፣ በየካርታችን ግርጌ አምስት ነገር እንጻፍ፤ ዳተሙንና ዞኑን፣ የበረራውን ቀን፣ የስሌቱን ነጥቦች ቁጥር፣ የመፈተሻውን ነጥቦች ቁጥር፣ በእያንዳንዱ መፈተሻ ላይ የተገኘውን ልዩነት። ይህ የሌለበት ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር ለወሰን ምስክር አድርገን አናቅርበው።