መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፦ ስለ ምልክት ቋንቋ ታሪክ ልናውቀው የሚገባ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቋንቋ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን የጤና ጉዳይ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ኢንተርን ሳለሁ መስማት የተሳናት አንዲት ወጣት ሆዷን ይዛ መጣች። ታላቅ ወንድሟ አብሯት ነበር። እኔም ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ «ምኗን ነው የሚያማት? ከመቼ ጀምሮ?» እያልኩ ጠየቅኩ። እሱም በሚያውቃት ጥቂት የእጅ ምልክት አናግሯት «ጨጓራዋ ነው ዶክተር፣ ድሮም ያማታል» አለኝ። ስለ ወር አበባዋ ስጠይቅ እሱ አፈረ፣ እሷም አቀረቀረች። «ችግር የለም» ብሎ መለሰልኝ። የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ ሸኘኋት።

በሁለተኛው ቀን ራሷን ስታ ድንገተኛ ክፍል ገባች። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቀዶ ሕክምና ተረፈች። ሲሻላት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠይቃኝ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «እኔ መጻፍ እችላለሁ። ለምን እኔን አልጠየቁኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ጆሮ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ስለ ጆሮው ባለቤት ግን ምንም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አቤ ደ ሌፔ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ ፓሪስ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ብዙ ሰው ቋንቋውን የፈጠረው እሱ ይመስለዋል። አይደለም። የፓሪስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቀድሞውንም በእጃቸው ይነጋገሩ ነበር። የእሱ ትልቅ ሥራ ከእነሱ ተምሮ፣ የራሱንም ምልክቶች ጨምሮበት፣ በዚያው ማስተማሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለእኛ ለሐኪሞች አያኮራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዚያው ትምህርት ቤት ሐኪም የነበረው ዣን ኢታርድ ልጆቹን «ለማዳን» ጆሯቸው ላይ ኤሌክትሪክ ሞከረ፣ አልቅት አደረገ፣ የጆሮ ታምቡራቸውን በሳ። ማንም አልዳነም። በኋላ ሕክምናው እንዳልሠራ ራሱ አመነ። ልጆቹ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ግቢው ውስጥ በምልክት ይጫወቱ፣ ይማሩና ይከራከሩ ነበር።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሎራን ክሌርክ የሚባል መስማት የተሳነው መምህር ከቶማስ ጋላውዴት ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 ሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለዚህ ነው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ከእንግሊዙ ይልቅ ለፈረንሳዩ የሚቀርበው። አሜሪካውያንና እንግሊዞች በአፍ አንድ ቋንቋ ቢናገሩም የምልክት ቋንቋቸው ሌላ ሌላ ነው። ምልክት ቋንቋ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የሚባለው ስህተት መሆኑን ከዚህ ታያላችሁ።

ትልቁ ስብራት የመጣው በ1880 ነው። ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች «ልጆቹ በአፍ መናገር ይማሩ፣ ምልክት ይቅር» ብለው ወሰኑ። የሚወሰንባቸው ሰዎች ግን ስብሰባው ላይ የሉም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ፤ በእጃቸው ሲነጋገሩ የተገኙ ተማሪዎች እጃቸውን ተመቱ። ልጆቹ በድብቅ፣ በመኝታ ክፍል፣ ትልቁ ለትንሹ እያስተማረ ቋንቋውን አቆዩት።

በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ ተመራማሪ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን አሳየ። በ1988 ዋሽንግተን የሚገኘው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾምልን» ብለው ግቢውን ዘጉ፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥም ተሳካላቸው። የሚላኑ ውሳኔ በይፋ ውድቅ የተደረገው ግን በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ!

በእኛስ አገር?

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው፤ የተሠራውም በእኛው ፊደል ልክ ነው። የእጅ ቅርጹ ፊደሉን ሲያሳይ፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል።

ታዲያ ይህ ለምን የጤና ጉዳይ ሆነ?

የሕፃን አንጎል ቋንቋን በደንብ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ምልክት ካላየ፣ ድምፅም ካልሰማ፣ ያለ ቋንቋ ያድጋል። ያኔ የሚጎዳው ማሰቡ፣ ትምህርቱ፣ ስሜቱን መግለጹ ነው። ጉዳቱ የመጣው ከጆሮው ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ ሳይሰጠው በመቅረቱ ጭምር ነው። «ምልክት ከለመደ መናገር ይሰንፋል» የሚባለውን አትስሙ። ምልክት ንግግርን አይከለክልም።

ለቤተሰብ፦

👉 ሕፃኑ በከባድ ድምፅ ካልደነገጠ፣ በ6 ወሩ ወደ ድምፅ ካልዞረ፣ ዓመት ከምናምን ሆኖት ቃል ካላወጣ «ይደርሳል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ አስመርምሩት።

👉 ክትባት አስጨርሱ፤ ማጅራት ገትርና ኩፍኝ ጆሮ ይጎዳሉ። መግል የሚወጣው ጆሮ ይታከም። እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታስወጉ።

👉 ልጁ መስማት እንደተሳነው ከታወቀ እናንተም ምልክት ተማሩ። ጸበሉም፣ የመስሚያ መሣሪያውም፣ ምልክቱም አብረው ይሄዳሉ።

👉 «ደንቆሮ»፣ «ዲዳ» የሚሉትን ቃላት ከቤታችሁ አውጡ።

ለሥራ ባልደረቦቼ፦

👉 ታካሚውን እያያችሁ አናግሩ፣ አስታማሚውን አይደለም።

👉 ማንበብና መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። አስተርጓሚ ከተገኘ ጥሩ፤ የግል ጉዳይን በቤተሰብ በኩል አትጠይቁ።

👉 ከንፈር ማንበብ አይበቃም። መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታሰሙ «በላ» እና «መላ» በሉ፤ ልዩነት አታዩም።

እኔ ዛሬ ጥቂት ምልክቶች ችያለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት «የት ጋ ያምሻል?» የሚለውን ነው። ያቺ ልጅ ናት ያስተማረችኝ፣ ለቀጠሮ በመጣች ጊዜ። እጄን እያረመች በጣም ሳቀችብኝ።

ጎረቤታችሁ መስማት የተሳነው ልጅ ካለ ይህን ለእናቱ አንብቡላት። ሰላም ሁኑልኝ!