የክሌር ካውንቲ የምርጫ ክልል፦ የ1828 ድልና የመራጮቹ ዕጣ

ክሌር በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኝ ካውንቲ ነው። በደብሊን ይሰበሰብ በነበረው የአየርላንድ ፓርላማ ሁለት እንደራሴዎች ነበሩት። ያ ፓርላማ በውህደቱ ሕግ ሲፈርስ፣ ከ1801 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱን መቀመጫዎች እንደያዘ ወደ ዌስትሚንስተር ተዛወረ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምርጫ ክልሉ ስም ዘወትር የሚነሣው ከዳንኤል ኦኮኔል ድል ጋር ነው። ይህ ጽሑፍ ድሉን ያስገኙት መራጮች የገጠማቸውን ይመረምራል።

በ1793 የወጣው ሕግ ለካቶሊኮች የመምረጥ መብትን መለሰላቸው፤ በፓርላማ መቀመጥን ግን አልፈቀደላቸውም። በካውንቲዎች የመራጭነት መስፈርቱ በዓመት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ይዞታ ነበር። በሕይወት ዘመን ውል የተያዘ መሬትም ለዚህ ስለሚበቃ፣ ባለርስቶች ውሉን ለጭሰኞቻቸው በመስጠት ደጋፊ መራጮችን ያበዙ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ በመሆኑም ጭሰኛው ከባለርስቱ ፈቃድ መውጣት ይከብደው ነበር።

በ1828 የክሌር እንደራሴ ዊልያም ቬሲ ፊትዝጄራልድ የንግድ ቦርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሾም፣ በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ዳግም መመረጥ ነበረበት። ሕጉ ካቶሊክን የሚያግደው እንደራሴዎች በሚፈጽሙት መሐላ እንጂ በዕጩነት ደረጃ ስላልነበረ፣ ኦኮኔል ተወዳደረው። በካቶሊክ ማኅበርና በካህናት ቅስቀሳ የተበረታቱት ጭሰኞች በኤኒስ ከተማ ተሰብስበው ባለርስቶቻቸውን በመጋፈጥ ድምፅ ሰጡ፤ ኦኮኔልም 2,057 ለ982 አሸነፈ።

አለመረጋጋትን የፈራው የዌሊንግተን መንግሥት በሚያዝያ 1829 ካቶሊኮች በፓርላማ እንዲቀመጡ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር በወጣ ሌላ ሕግ የአየርላንድ ካውንቲዎች የመራጭነት መስፈርት ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ፣ ማለትም በአምስት እጥፍ፣ ከፍ አለ። በመላው አየርላንድ የካውንቲ መራጮች ቁጥር ከ200,000 በላይ ከነበረበት ወደ 40,000 ገደማ አሽቆለቆለ። አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ ስለማይሠራ ኦኮኔል በዚያው ዓመት ዳግም ቀርቦ ያለ ተቀናቃኝ ተመረጠ፤ ብዙዎቹ የቀድሞ መራጮቹ ግን በዚያን ጊዜ መብታቸውን አጥተው ነበር።

በ1872 የምስጢር ድምፅ አሰጣጥ ተደነገገ። በ1885 ክልሉ ምሥራቅ ክሌርና ምዕራብ ክሌር ተብሎ ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው የምርጫ ክልል ታሪክ አበቃ። ታሪኩ እንደሚያሳየው፣ የመመረጥ መብት መስፋትና የመምረጥ መብት መስፋት ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም፤ በክሌር አንዱ የተገኘው ሌላው በመጥበቡ ነበር።