የዕቃ ዝርዝር ገጽ እንዴት ይሰናዳል?

ተመርቀን ወደ ሐብሩም ሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ስንመደብ ከማስተማሩ ጎን የሚጠብቀን አንድ ሥራ አለ፤ እሱም ጽሕፈት ነው። «መምህር፣ እስቲ ይህቺን ዝርዝር አሳምረህ ጻፍልን» የሚል ማኅበር ወይም ባለ ሱቅ በየቀበሌው አይጠፋም። ስለዚህ ስለ ካታሎግ ገጽ አሰነዳድ ጥቂት ለመጻፍ ፈለግሁ። የጎደለውን መምህሮቻችን ይሙሉበት።

ካታሎግ ማለት የሚሸጡ ዕቃዎች ስም፣ ዓይነትና ዋጋ ተዘርዝሮ የሚቀርብበት ጽሑፍ ነው። የግድ ወፍራም መጽሐፍ መሆን የለበትም። ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ቺካጎ ላይ ሆኖ ለገጠር ገዢዎች ያሳተመው የመጀመሪያ ዝርዝር አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር፤ 163 ዕቃዎች ሰፍረውበት ነበር። እኛም አንዲት ወረቀት ይዘን እንነሣ።

መርሳ ላይ ዘርና ችግኝ የሚሸጥ አንድ ማኅበር ዝርዝር ሥሩልኝ አለን እንበል። የማንጎ፣ የፓፓያና የብርቱካን ችግኝ አለው፤ የማሽላ ዘርም አለው። ከማሽላዎቹ መካከል ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው። ሌሎቹ ዘሮች አይቋቋሙም። እንግዲህ ማሳውን አቀንጭራ የወረረበት ገበሬ መጥቶ ዝርዝሩን ሲያይ «አቀንጭራ ይቋቋማል» የምትለዋ ቃል በአራተኛው መስመር ጫፍ፣ በደቃቅ ፊደል ተደብቃ ከቀረችስ? ሰውዬው ሌላውን ዘር ገዝቶ ይሄዳል፤ የዓመት ልፋቱም ገደል ገባ ማለት ነው። ማንጎዋን አሳምሮ የሣለው ሠዓሊ እዚህ ላይ ምንም አይረዳውም።

ስለዚህ ብዕር ከማንሣታችን በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ገዢው አስቀድሞ ምን ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ለዘር ከሆነ ስሙ፣ ጠባዩ፣ ዋጋው፤ ለችግኝ ከሆነ ዓይነቱና ዋጋው ይበቃል። ይህ ቅደም ተከተል በሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ጋ ዋጋው በፊት፣ ሌላው ጋ በኋላ ከሆነ አንባቢው እንደ አዲስ መፈለግ ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚዛን ነገር ይመጣል። ብዙዎቻችን ሚዛን ሲባል በግራ አንድ ሥዕል፣ በቀኝም አንድ ሥዕል መለጠፍ ይመስለናል። እንዲህ ያለው ገጽ አይንጋደድም፣ ግን ይደብራል። ባለ ዘንጉን ሚዛን አስቡት እስቲ፤ ትንሿ ድንጋይ ከመንጠልጠያው ራቅ ስትል ከባዱን ዕቃ ታነሣዋለች። በገጽ ላይም ትልቁና ጥቁሩ ሥዕል ወደ መካከል ቀረብ ብሎ ሲቀመጥ፣ በሌላው ወገን ጫፍ ላይ ያለች ደማቅ አጭር ርእስ ትመዝነዋለች። ባዶ ቦታም የራሱ ክብደት አለው። ወረቀት እንዳይባክን ብሎ ጥግ እስከ ጥግ መሙላት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሁሉ የከፋው ንፉግነት ነው።

ይህን የድሮ ቁም ጸሐፊዎቻችን ያውቁበት ነበር። ከወልድያ ብዙም በማይርቁት በላሊበላና በሐይቅ እስጢፋኖስ ያሉትን የመሳሰሉ ብራናዎች ሲሠሩ፣ አስቀድመው በወስፌ ነጥብ ወግተው ጫፉ በደነዘዘ ብረት መስመር ያሰምራሉ። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን በሁለት ዓምድ ይከፍሉታል፤ የታችኛውን ኅዳግ ከላይኛው ሰፋ ያደርጉታል። ለርእስና ለተከበረ ስም ደግሞ ቀይ ቀለም ይጠቀማሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ ፈረንጅ የስምን መጀመሪያ በትልቅ ፊደል እንደሚለየው እኛ መለየት አንችልም። ያለን ቀለም፣ ውፍረት፣ መጠንና ባዶ ቦታ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ በጥቁር ፎቶ ኮፒ የሚባዛ ከሆነ ቀዩ እንደ ሌላው ጠቁሮ ስለሚወጣ በቀይ ፈንታ ፊደሉን ማወፈር ይሻላል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር በሆነው የተለመደ ወረቀት ላይ ከላይ 2፣ ከግራና ከቀኝ 2፣ ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ተዉ። የቀረውን በስስ እርሳስ በሁለት ዓምድ ክፈሉት፤ ሦስት ካደረጋችሁት ግን ረጃጅም ቃሎቻችን እየተቆረጡ ወይም ቀዳዳ እየተዉ ያስቸግራሉ። ዘሩ በአንዱ፣ ችግኙ በሌላው ይግባ። የፊደል መጠን ከሁለት ዓይነት አይብለጥ። ዋጋዎቹ በቀኝ በኩል በአንድ መስመር ይውረዱ፣ አንዱ ቤት ከአንዱ፣ አሥሩ ቤት ከአሥሩ ትይዩ ሆኖ። በስሙና በዋጋው መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ከሆነ በነጠብጣብ አያይዙት፤ አለበለዚያ ዓይን አንድ መስመር ዘልሎ የብርቱካኑን ዋጋ ለፓፓያው ይሰጠዋል፤ ከዚያማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጭቅጭቅ ነው።

ሲያልቅ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉና አራት እርምጃ ወደ ኋላ ራቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት፤ ፊደሉ ሲደበዝዝ የጥቁሩና የነጩ ክብደት ይታያል። ገልብጣችሁ ብትለጥፉት ደግሞ ማንበቡ ስለሚቀር መንጋደዱ ይበልጥ ይለያል። (በዚሁ አጋጣሚ ይህችን የግድግዳ ጋዜጣችንን በዚህ ዘዴ ብትመለከቱልን አዘጋጆቹ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም።) በመጨረሻም ዝርዝሩን አይቶት የማያውቅ ሰው ጥሩና «አቀንጭራ የሚቋቋመውን ዘርና ዋጋውን አሳየኝ» በሉት። ጣቱ ገጹ ላይ መንከራተት ከጀመረ ከማባዛታችሁ በፊት እንደገና ሥሩት።