በበጋ የሚያንጠባጥብ ጣራ

በጥር ወር፣ ዝናብ ከቆመ ብዙ ሳምንት ሆኖት ሳለ፣ በአዲስ አበባ ጎሕ ሲቀድ ከጠፍጣፋ የአርማታ ጣራ ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ይታያል። ባለቤቱ ጣራው ተሰንጥቋል ብሎ ሬንጅ ያስቀባል፤ ጠብታው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ገንዘብ ባከነ፤ ፍራሽና መጽሐፍም ረጠበ። እንግዲህ ሬንጅ ከመግዛታችን በፊት ውሃው ከወዴት እንደ መጣ እንመርምር።

አየር የማይታይ እንፋሎት ይሸከማል፤ የሚሸከመውም እንደ ሙቀቱ መጠን ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ሲይዝ፣ 10 ዲግሪ የሆነው ግን ከ9 ግራም ተኩል አይበልጥም። ትርፉ በቀዝቃዛ ገጽ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ይኸውም ጤዛ ነው። እንፋሎቱን የምናመርተው እኛው ነን፤ ትንፋሻችን፣ የሚፈላው ሻይ፣ ወጡ፣ በክፍል ውስጥ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ይሰጣል። በበጋ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ጣራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጪው አየር እንኳ ይበልጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የመስክ ሣር ጤዛ የሚለብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩን በሂሳብ እንየው። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ አየሩም ሊይዘው ከሚችለው እንፋሎት 70 በመቶውን የያዘ ይሁን። ይህ አየር 14 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሲደርስ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ውጪው 5 ዲግሪ ከሆነ፣ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በውስጥ ገጹ ከ14 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ያልበዋል። በላዩ 5 ሴንቲሜትር ፎም ቢነጠፍበት ግን የውስጥ ገጹ 19 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ደረቅ ይቆያል። አርማታ ሙቀትን ከፎም 40 እጥፍ ያህል አብልጦ ያሳልፋልና፣ ይህ 5 ሴንቲሜትር 2 ሜትር ውፍረት ያለውን አርማታ ያህላል።

ዋናው ቁም ነገር ፎሙ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ሥራው ስለሚቀል ከሶሌታው በታች ቢለጠፍ፣ የክፍሉ ሙቀት ወደ ሶሌታው ስለማይደርስ ሶሌታው ከቀድሞው ይብስ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ግን በየቀዳዳው ሾልኮ ይደርስበትና ከዓይን በተሰወረ ስፍራ ውሃ ይሆናል፤ ሻጋታና ዝገትም ይከተላል። ትክክለኛው አሠራር ከታች ወደ ላይ ሲቈጠር እንዲህ ነው፤ ሶሌታ፣ እንፋሎት የማያሳልፍ የሬንጅ ንጣፍ፣ ፎም፣ በመጨረሻም ዝናቡን የሚከላከል ልባስ። ፎሙን ከታች ማድረግ ግድ ቢሆን፣ እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ ከፎሙ በታች፣ በክፍሉ ወገን ይዘርጋ፤ መጋጠሚያውም ሁሉ ይታሸግ።

ጤዛውን ከፍሳሽ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። የሚያንጠባጥበውን ስፍራ አድርቀን አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን አጥብቀን እንለጥፍበትና በማግሥቱ ጧት እንመልከት። ወደ ክፍሉ የዞረው የላስቲክ ገጽ ከረጠበ ውሃው የክፍሉ ጤዛ ነው፤ ላስቲኩ ከጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው ከጣራው በኩል መጥቷል።

ጤዛ ሆኖ ሲገኝ፣ ፎም የሚገዛበት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ድስት እንክደን፣ ልብስ በውጪ እናስጣ፣ መስኮትም ጧትና ማታ ጥቂት እንክፈት። ሬንጁ ለእውነተኛው ስንጥቅ ይቆየን።