የበርበሬ ችግኝ ቤት ውስጥ ስናፈላ በምን ዓይነት አፈር ይሁን?

የገበሬ ማኅበር አባሎች፣ መደብ ላይ የዘራችሁትን በርበሬ ዶሮ የጫረባችሁ፣ ድንገተኛ ዝናብም ያጠበባችሁ ብዙ ናችሁ። አንድ እፍኝ ዘር ጠፋ ማለት የዓመቱ ድልህ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ወር ዘሩን ቤት ውስጥ፣ በጣሳ ወይም በተሰበረ ገንቦ አፍሉት። የጣሳውን ቂጥ በሚስማር ብሱት፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል።

ትልቁ ነገር አፈሩ ነው። እኛ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ስንሞክር «ፍግ ሲበዛ ይፋፋል» ብለን ትኩስ እበት ሞላንበት። የበቀለው ሁሉ ተቃጥሎ አለቀ። አንዲት እናት አይተው «ልጆቼ፣ ለአራስ ልጅ ጥሬ ሥጋ ይሰጣል እንዴ?» ብለው ሳቁብን። እውነታቸውን ነው። ፍግ ወራት ቆይቶ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ አፈር ሲመስል ነው የሚበጀው።

ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። አሸዋ ደግሞ ውሃ አይዝም፣ ምግብም የለውም። ግን ዘር ለመብቀያ የሚሆነውን ስንቅ በሆዱ ስለያዘ አሸዋም ላይ ይበቅላል፤ የሚራበው ከበቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀላቅሉ፦ 3 ጣሳ የጓሮ አፈር፣ 2 ጣሳ የበሰበሰ ፍግ ወይም የጫካ አፈር፣ 1 ጣሳ አሸዋ። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨምሩ።

ይህን በቃላችን ብቻ አትመኑ። ሦስት ጣሳ ወስዳችሁ በአንዱ አሸዋ፣ በአንዱ የጓሮ አፈር፣ በአንዱ ድብልቁን አድርጉና 10 10 ፍሬ ዝሩ። የአፈሩን ስምና የተዘራበትን ቀን በከሰል ገል ላይ ጽፋችሁ አጠገቡ አኑሩ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም አይደል? ስንት እንደበቀለና ስንት እንደቆመ ቁጠሩ።

ቡቃያው አንገቱ ቀጥኖ ዘፍ ካለ በሽታ ነው። በእርጥብ አፈር ውስጥ ያለ፣ ዓይን የማያየው ሻጋታ ያመጣዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ አፈሩን አርጥባችሁ፣ በብረት ምጣድ ላይ ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል እንፋሎት እስኪወጣው አሙቁት፤ ሲቀዘቅዝ ዝሩበት። ውሃም አታብዙ።

ዘሩን ከግማሽ ጣት ጥፍር በላይ አትቅበሩት። እስኪበቅል ምድጃ አካባቢ ሙቀት ይወዳል፤ ብቅ ካለ ግን ቀን ቀን ደጃፍ አውጡት። ጨለማ ውስጥ ከቀረ ወደ በሩ እየተሳበ ይቀጥናል፣ ገርጥቶም ይቀራል።

በሰኔ ዝናቡ ሲይዝ፣ ችግኙም ስንዝር ሲሞላ ወደ ማሳ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ውሃ ቀንሱለት፣ ሌሊትም ውጭ ይደር። ስትተክሉም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ሥሩን ሳታራግፉ ከነአፈሩ ይሁን።