የድንጋይ ፍሬዎች፦ ማዕድንና የእርሻችን አፈር



ጉልቻው ድንጋይ ነው። ወፍጮውና መጁም ድንጋይ ናቸው። የምናርሰውም አፈር ቢሆን መነሻው ድንጋይ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ድንጋይ ከምን እንደተሠራና አፈራችን ለምን እንደሚደክም እንማራለን።

1. ማዕድን ምንድን ነው?

ቆሎን እንመልከት። ገብስ፣ ሽምብራና ስንዴ ተደባልቀው አንድ ቆሎ ይሆናሉ። ድንጋይም እንዲሁ ነው። ልዩ ልዩ ጥቃቅን ፍሬዎች ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ይሆናሉ። እነዚህ ፍሬዎች ማዕድናት ይባላሉ። ስለዚህ ማዕድን ማለት ወርቅ ብቻ አይደለም። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨውም ማዕድን ነው።

2. ጥቁሩ ድንጋያችን

በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚበዛው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ቀልጦ ከምድር ውስጥ ወጥቶ የቀዘቀዘ ነው። አብዛኛው የወጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የወጣም አለ። አንዳንዱ ድንጋይ እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ዓይኑን ያወጣው ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ ነው።

በባዛልት ውስጥ ፌልድስፓር፣ ፓይሮክሲንና ማግኔታይት የሚባሉ ማዕድናት አሉ። ማግኔታይት ብረት አለበት። ከዝናብ በኋላ ከወንዝ ዳር ጥቁር አሸዋ ውሰዱ። አድርቁትና ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አስጠጉበት። የሚጣበቀው ማግኔታይት ነው።

3. አፈሩ ለምን ይደክማል?

ፀሐይና ዝናብ ድንጋዩን በብዙ ዘመን ያፈርሱታል። ፌልድስፓሩ ጭቃ ይሆናል። ብረቱ ደግሞ ዝናብ ላይ እንዳደረ ማረሻ ይዝጋል። የአፈራችን ቅላት ከዚህ ዝገት የመጣ ነው።

በድንጋዩ ውስጥ ካልሲየም የሚባል ለሰብል የሚጠቅም ነገርም ነበረ። የክረምቱ ዝናብ ግን ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል። ያን ጊዜ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ አሲዳማ አፈር ይባላል። በዚህ አፈር ውስጥ አልሙኒየም ተለቆ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ገብሱ ይቀጭጫል፤ ባቄላው ይመነምናል። በማዳበሪያው ውስጥ ያለውንም ፎስፈረስ አፈሩ ጨብጦ ይይዘዋል። ገበሬው በገንዘቡ የገዛውን ማዳበሪያ ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል ማለት ነው።

4. መድኃኒቱም ድንጋይ ነው

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይ እናገኛለን። ይህ ድንጋይ አገሩ ጥንት ባሕር በነበረበት ጊዜ የተሠራ ነው። ማዕድኑ ካልሳይት ይባላል። ካልሳይት ካልሲየም አለበት።

የኖራ ድንጋይን በሎሚ መለየት ይቻላል። ድንጋዩን አድቅቁና ሎሚ ጭመቁበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ያወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ አያወጣም። በዚያው በረሃ የሚገኘው ጂፕሰምም አያወጣም። ስለዚህ ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኖራ አይደለም፤ ጂፕሰም ኮምጣጤውን አያጠፋም።

ኖራ ስንጠቀም፦

ሀ. በመጀመሪያ አፈሩን በግብርና ባለሙያ እናስመርምር። መጠኑ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ከመጠን ያለፈ ኖራ ይጎዳል።

ለ. የደቀቀውን ኖራ ከመዝራታችን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመን እኩል እንበትን። ወዲያው አርሰን ከአፈሩ ጋር እናዋህደው።

ሐ. አቧራው እንዳይጎዳን አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ እንሸፍን፤ ዓይናችንንም እንጠብቅ። ነፋስ ባለበት ሰዓት አንበትን።

ኖራ ማዳበሪያ አይደለም። ፍግና ማዳበሪያ ከኖራው ጋር ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አንድ ጊዜ በሚገባ የተበተነ ኖራ ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል።

ጥያቄዎች

1. ማዕድን ምንድን ነው? ሦስት ማዕድናት ጥቀሱ።
2. አፈራችን ለምን ቀላ?
3. የኖራ ድንጋይንና ጂፕሰምን በምን ትለያላችሁ?
4. በሰፈራችሁ ገብስና ባቄላ እንቢ ያለው ማሳ የትኛው ነው? ተወያዩበትና አፈሩን አስመርምሩ።